ባንኮኒው ከፍ ብሏል

የኔን ባር አባቴ ያየው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን የገበርኩበትን ባር፣ ሦስቱን የድራፍት ቧንቧዎች ወልውዬ፣ መብራቱን አብርቼ ፎቶ አነሳሁና ለእህቴ ላክሁላት። እሷ አሳትማ ልደታ ወሰደችለት። በማግስቱ ስደውል፣ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ሆኜ ነበር። መነጽሩን አስፈለገ፣ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፣ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣

"ባንኮኒው ከፍ ብሏል" አለኝ። "ደግሞ እግር ማሳረፊያ የለውም።"

ከዚያ ስለ ብርዱ ጠየቀኝ።

አባቴ የአንድ ጃምቦ ሰው ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ስለነበረ፣ ደመወዝ በተቀበለበት ቀን ማታ፣ ከወር ወር ሳያጓድል፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ወደነበረች አንዲት ጠባብ ድራፍት ቤት ጎራ ይላል። ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ እኔንም ማስከተል ጀመረ። ዘመኑ 1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሰዓት እላፊ አለ፤ ሰው በአንድ ዓይኑ ብርጭቆውን በሌላው የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ሠፈራችን ከጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ብዙም ስለማይርቅ ነፋሱ ወደ እኛ በዞረ ቀን የተቀቀለ ብቅል ሽታ ግቢያችን ድረስ ይገባል። ፋብሪካው በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣል። እሱ ግን "የሠፈራችን ልጅ" እያለ ነበር የሚጠራው።

አባቴ በዚያች ቤት ተቀምጦ አያውቅም። ግራ ክርኑን ባንኮኒው ላይ ያደርጋል፣ ቀኝ እግሩን ከታች በኩል በተዘረጋው ቧንቧ ላይ ያሳርፋል፤ ቧንቧው ከጫማ ብዛት እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። "ቁጭ ብሎ ቢራ የሚጠጣ ሰው፣ ቤቱ የሚሄድበት እግር አይኖረውም" ይል ነበር። እኔ የተገለበጠ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ቆሜ፣ አገጬ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ፋንታዬን እየሳብኩ ቀጂውን አያለሁ። ጃምቦውን ዘንበል አድርጎ ከቧንቧው ሥር ይይዛል፣ ሊሞላ ሲል ቀጥ ያደርጋል፣ ከአፉ የተረፈውን አረፋ በጠፍጣፋ እንጨት ላፍ አድርጎ ይጥላል። ያ ቢጫ ነገር ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ከግድግዳው ውስጥ የሚፈልቅ ይመስለኝ ነበር።

የግድግዳውን ማዶ ለማየት ዋሽንግተን መምጣት አስፈለገኝ። ዲቪ ደርሶኝ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደገባሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ፣ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ በርሜል መቀየር ነበር። ትልቁ የአሜሪካ የቢራ በርሜል 58 ሊትር ከምናምን ይይዛል፤ ሙሉውን 72 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እኔ ያኔ 58 ኪሎ ነበርኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ከእጄ አምልጦ እግሬ ላይ ወደቀ፤ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። የሆቴሉ ኃላፊ መጀመሪያ የጠየቀኝ በርሜሉ መጎዳት አለመጎዳቱን ነበር።

ሙያውን ያስተማሩኝ እዚያው የሚሠሩ አንድ ሳልቫዶራዊ ሽማግሌ ናቸው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ጉልበት ስላልነበረው ትምህርቱ አብዛኛው በእጅ ነበር። ብርጭቆ በሳሙና ታጥቦ ንጹሕ መስሎ ቢታይም፣ ቢራ ሲቀዳበት ጎንና ጎኑ ላይ የአየር ፍንጣሪ ከተለጠፈ ቅባት አለው ማለት ነው፤ ይመለስ። ቧንቧ ሲከፈት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፤ ፈራ ተባ እያሉ በግማሽ መክፈት አረፋ ያመጣል። የጋዝ ሲሊንደር ሲገጠም ማያያዣው ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ ከተንፈቀፈቀ ይሾልካል። ሽማግሌው እነዚህን ነገሮች እንደ ጸሎት ነበር የሚደጋግሙት። እኔም ማታ ማታ፣ አንድ ቀን የራሴ ቤት ሲኖረኝ አባቴን አምጥቼ ከራሴ ቧንቧ አንድ ጃምቦ እቀዳለታለሁ እያልኩ ወደ ጠባቧ ክፍሌ እገባ ነበር። ሰው በስደት የሚመኘው ነገር አንዳንዴ ያስቃል። ጓደኞቼ መኪና ይመኙ ነበር።

ቤት የገዛሁት ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። አሮጌ ነበር፤ ቤዝመንቱ ግን ሰፊና ደረቅ። ታክሲ የሚነዳ ባልንጀራዬ፣ አባቱ አናጢ ስለነበሩ መጋዝ ያውቃል። ከአንድ ፈረንጅ ጋራዥ በ80 ዶላር ያገለገለ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ፍሪዘር ገዝተን በደረጃው ስናወርድ ባለቤቴ ከላይ ሆና አየችና፣ "የማንን ሬሳ ነው የምታስገቡት?" አለች። እውነቷን ነው፤ ነጭ ሬሳ ሣጥን ነው የሚመስለው።

የቤት ድራፍት የሚሠሩ አሜሪካኖች ይህን ፍሪዘር የሚወዱበት ምክንያት አለ። ክዳኑን ትፈታለህ፣ በአካሉና በክዳኑ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የእንጨት ክፈፍ ታስገባለህ፣ ቧንቧዎቹን በእንጨቱ በኩል ታሳልፋለህ። ብረቱን የበሳህ እንደሆነ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የማቀዝቀዣ ቱቦ ልትወጋው ትችላለህ፤ እንጨቱ ግን ያንተ ነው፣ ብትፈልግ ዐሥር ቦታ ብሳው። ፍሪዘር ደግሞ ተፈጥሮው ማርጋት ነው፤ እስከ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከግድግዳው ሶኬት ጋር በአንዲት የሙቀት መቆጣጠሪያ በኩል ይገናኛል። ውስጡ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲደርስ መብራቱን ትቆርጥበታለች፣ ሲሞቅ ትመልስለታለች።

በርሜሎቹን ሁለተኛ እጅ ገዛኋቸው። ቀጠን ቀጠን ያሉ፣ 19 ሊትር የሚይዙ ናቸው። ድሮ የለስላሳ ኩባንያዎች ሽሮፕ ያመላልሱባቸው ነበር፤ ሽሮፑ በካርቶን ውስጥ ባለ ፕላስቲክ ከረጢት መላክ ሲጀምር በርሜሎቹ ሥራ ፈትተው በቤት ቢራ ጠማቂዎች እጅ ገቡ። የመጀመሪያውን ስከፍት አፍንጫዬን የመታኝ የብርቱካን ለስላሳ ሽታ ነው። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሳጥን፣ ያ የተገለበጠ የጠርሙስ ሳጥን፣ አገጬ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ባንኮኒ፣ የአባቴ ኮት እጅጌ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡ። ሽታውን የያዙት ክዳኑን የሚያጣብቁት የጎማ ቀለበቶች ናቸው፤ መቀየር አለባቸው። የሁለቱን በርሜሎች ቀየርኩ። የዚያኛውን ሳምንቱን ሙሉ ሳልነካው ቆየሁ።

ባሩ የተመረቀው በ2003 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጾም የተፈታበት ቀን፣ ዶሮው ደርሶ፣ ሃያ ሰው ተጠርቶ፣ ባልንጀራዬ በትልቅ ሥነ ሥርዓት የመጀመሪያውን ቧንቧ ሳበው። አረፋ ወጣ። ሁለተኛ ብርጭቆ አቀረበ፤ አረፋ። ሦስተኛ፤ አረፋ። አንዱ "ይሄ ቢራ ነው ወይስ የሳሙና ማሽን?" አለ። እኔ ከሥር ጎንበስ ብዬ የጋዙን ቁልፍ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ሳዞር፣ ነገሩ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ አንድ ሰው ወጥቶ ሁለት ካርቶን የጠርሙስ ቢራ ገዝቶ መጣ። ስምንት ወር የለፋሁበት ባር ላይ ጠርሙስ ተደረደረ።

በማግስቱ ለሽማግሌው መምህሬ ደወልኩ፤ ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር። መጥተው ፍሪዘሩን ከፈቱ፣ ከበርሜሉ ወደ ቧንቧው የሚሄደውን ቀጭን ጎማ በጣታቸው ለኩና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጎማው አጭር ነበር። በርሜሉ ውስጥ ያለው ቢራ በ12 ፒ.ኤስ.አይ ግፊት ታፍኗል፤ ከቧንቧው አፍ ሲደርስ ግን የሚጠብቀው ግፊት የለም። ድንገት ከወጣ ውስጡ የሟሟው ጋዝ በአንዴ ይፈነዳል፤ አምቦ ውሃ አናውጦ እንደመክፈት ነው። መድኃኒቱ ጋዙን መቀነስ አይደለም፤ ጋዙን ብትቀንስ ቢራው በቀናት ውስጥ ሕይወቱን ያጣል፣ አረፋውም አይቀርልህ። መድኃኒቱ ጎማውን ማስረዘም ነው። ቢራው በዚያ ቀጭን መንገድ ሲጓዝ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ጉልበቱን ቀስ በቀስ ይጨርሳል። አንድ ሜትር ተኩል የነበረውን ሦስት ሜትር አደረግነው። አንድ ብርጭቆ ቀዱ። ሁለት ጣት አረፋ፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ወርቅ።

በኋላ ሳስበው፣ የልጅነቴ ቀጂ ያን ሁሉ አረፋ ላፍ ላፍ ሲያደርግ የኖረው በእሱ ጥፋት ብቻ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ጋዝ ከቢራ ለማምለጥ እዚያ ይቀለዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ 12 የሚያነበው መለኪያ እዚያ ቢሄድ አራት ያህል ይጨመርበት ነበር። ይህን ለአባቴ በስልክ ሳስረዳው በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ "እሱስ አረፋውን የሚወደው ስለሚያበዛለት ነው" አለኝ።

ቢራው ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ችግር መጣ፤ ይሄኛውን ደግሞ ጎማ አያስተካክለውም። ፈረንጆች የቤት ባር ሲሠሩ እንግዳው ራሱ ተነሥቶ እንዲቀዳ ነው። የእኛ ሰው ግን በሰው ቤት ተነሥቶ ለራሱ አይቀዳም! ስንቱን ለመንኩ፤ "ውረድ፣ ቧንቧው እዚያው ነው፣ የፈለግከውን ሳብ።" "ይሁን፣ ይሁን፣ ቆይ" ይሉና ላይኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ይቀራሉ። እኔ ዐሥራ አራቱን ደረጃ ብርጭቆ ይዤ ስወጣ ስወርድ አመሻለሁ። ካመጣሁላቸው በኋላም አንድ ጊዜ "ጠጣ እንጂ"፣ ሁለተኛ "በሞቴ" ካልተባለ ብርጭቆው አይነሣም። ባር ሠራሁ ብዬ ለካ አሳላፊ ሆኜ ነው የተቀጠርኩት። ባለቤቴ ይህን ከማንም በፊት ነው የገባት፤ ስመላለስ ሳመሽ እያየች ትስቅ ነበር።

እናቴ የመጣችው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ልጃችን ተወልዳ አራሷን ልትጠይቅ። አባቴም ተጠይቆ ነበር፤ "አሥራ ምናምን ሰዓት አየር ላይ ተቀምጬ? እኔ ቢራ እንኳ ተቀምጬ አልጠጣም" ብሎ ቀረ። እናቴ ገና በመጣች በሁለተኛው ቀን ከመቀነቷ ውስጥ የተጠቀለለ ሲባጎ አውጥታ ሰጠችኝ። ሁለት ቦታ ተቋጥሯል።

"አባትህ ነው የላከው። የታችኛው ለእግር፣ የላይኛው ለክርን ነው።"

ድራፍት ቤቷ ከፈረሰች ቆይታ ነበር፤ ሰንጋ ተራ ላይ የባንክ ሕንፃዎች እየበቀሉ ነበር። መለኪያ የሚወስድበት ባንኮኒ ስላጣ፣ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ፣ እግሩን ጡብ ላይ አሳርፎ፣ ክርኑን በምናብ ባንኮኒ ላይ አድርጎ፣ እናቴን ሲባጎ አስይዞ አስለካት። ሜትር አውጥቼ ዘረጋሁት። የታችኛው ቋጠሮ 18 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው 98። የኔ ባንኮኒ እንደ አሜሪካኖቹ ልማድ 107 ነበር። ከፎቶግራፍ፣ ያለ ሜትር፣ የ9 ሴንቲ ሜትር ስሕተት አይቷል።

ባንኮኒውን ማሳጠር አይቻልም ነበር፤ ፍሪዘሩ ከነክፈፉ ከሥሩ ገብቶ ልክክ ብሏል። እግር ማሳረፊያውን ግን በዚያው ቅዳሜ የነሐስ ቧንቧ ገዝቼ በታችኛው ቋጠሮ ልክ ገጠምኩ።

እናቴ ደግሞ ፍሪዘሩን ከፍታ ውስጡን ከመረመረች በኋላ ለአራስነቱ ጠላ እጠምቃለሁ አለች። ጌሾው ከሐበሻ ሱቅ ተገኘ። ለብቅሉ የቤት ቢራ ጠማቂዎች ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰድኳት። ነጠላዋን አጣፍታ በከረጢቶቹ መካከል ትሄዳለች፤ ከአንዱ ጥቂት ፍሬ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ጣለች፣ አኘከች፣ ቆመች። "ኧረ ይሄማ ብቅል ነው!" ሻጩ ወጣት ምን እንዳለች ጠየቀኝ፤ ስነግረው ደስ ብሎት ሌሎቹንም ዓይነቶች እያወጣ አስቀመሳት። ሆፕስ ሲያስሸትታት "የፈረንጅ ጌሾ" አለችና መለሰችለት። ወጥተን መኪና ውስጥ እንደገባን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "መንግሥት አይዝህም?" አለችኝ።

ድሮ ይይዝ ነበር። የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ በ1933 እ.ኤ.አ. ቢነሣም ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት አዋጅ ነው። ሁለት አዋቂ ሰው ያለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል መጥመቅ ይችላል፤ አረቄ ማውጣት ግን አሁንም ክልክል ነው። እናቴ በልቧ ስታሰላ ቆየችና፣ "ለገናና ለፋሲካ ይበቃል፤ ለተዝካር ግን አይበቃም" አለች።

በጋን ፋንታ በርሜሉ ቀረበላት። ያለ ወይራ ጭስ ጠላ የለም ብላ ከሻንጣዋ የወይራ ስንጥር አውጥታ በርሜሉን ልታጥን ስትል የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ሕፃኗ ነቃች፣ ባለቤቴ በሌሊት ልብስ ደረጃውን ወረደች። ጭሱ ያለ ስምምነት ቀረ። ጠላው ደርሶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ በርሜል ገብቶ ጋዝ ሲገጠምለት እናቴ ክንዷን አጣጥፋ ትመለከተኝ ነበር። ቧንቧውን ሳብኩ፤ ግማሽ ብርጭቆ መጣና ቀጥ አለ። ቧንቧው በአተላ ተደፍኗል።

እናቴ ከሳቋ ብዛት ወንበር ያዘች። "ጠላ ከላይ ነው የሚቀዳው! ከሥር የሚቀዳ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

በእርግጥም የበርሜሉ መምጠጫ እስከ ታች ይወርዳል፤ አተላው ደግሞ የሚተኛው እዚያው ነው። መምጠጫውን አውጥቼ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩለትና መልሼ ገጠምኩ። ከዚያ በኋላ ወረደ። እናቴ የመጀመሪያውን ራሷ ቀዳች፤ በርከክ ብላ፣ መዳፏን ከቧንቧው ሥር ዘርግታ፣ ጠብ ያለውን ቀመሰች። የእንግዳ ጠላ እንደዚያ ነው፤ የሚቀዳው ሰው አስቀድሞ ከመዳፉ ይቀምሳል። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። "ብረት ብረት ይላል" አለች፤ "ደግሞ ያስገሳል።" ግን ሳምንቱ ሳያልቅ በርሜሉ ባዶ ነበር፤ እኔ ብቻዬን አልጨረስኩትም።

አንድ ነገር ብቻ አመስግናኛለች። በየሁለት ሳምንቱ ጎማና ቧንቧውን በመድኃኒት ሳጥብ ታየኝ ነበርና ለአባቴ በስልክ፣ "ጋኑንስ ያጥባል፣ ልጅህ ሙያ አለው" ስትለው ሰማሁ።

አባቴ በ2010 ዓ.ም. አረፈ። መርዶው የደረሰኝ ሊነጋ ሲል ነው፤ በር ተንኳኩቶ ስከፍት ባልንጀራዬና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቆመዋል፤ ሲያዩኝ መናገር አላስፈለጋቸውም። ከሰዓት በኋላ ላይኛው ሳሎን ሞላ፤ ሰው ቤዝመንት መውረድ ጀመረ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለምናቸው ያልወረዱ ሰዎች ያለ ልመና ወረዱ። ባለቤቴ ሦስቱን ቧንቧዎች በነጠላ ሸፈነቻቸው። ባንኮኒው ላይ የቡና ቴርሞስ፣ ቆሎ፣ የወረቀት ሳህን ተደረደረ። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ወንበር ሁሉ አልቆ ከዐርባ ሰው በላይ ሆነን ነበር።

እኔ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ነበርኩ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ዘግይተው ገቡ፤ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ወንበር ሊለቁላቸው የተነሡትን "ተዉ፣ ቁሜ ይሻለኛል" ብለው ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ። ቡና ተሰጣቸው። እያዋሩ፣ ወደ ታች ሳያዩ፣ ቀኝ እግራቸውን አነሡና የነሐሱ ቧንቧ ላይ አሳረፉት። ቀጥለው ግራ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ ትከሻቸው ወደ ላይ ተሰቀለ። አንዴ አስተካከሉት፣ አልሆነም። ክንዳቸውን መልሰው አወረዱና ቡናቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።